የሰንበት ውሃ

«ልጅቷ ራሷ በኮምፒውተር አይታ ሞቷል ብላለች።»

ይህን ያሉት የአባቷ ታላቅ ወንድም ጋሽ ኦላና ናቸው። ሳሎን ተቀምጠው ለግንበኛው ለነቢዩ ሲነግሩት፣ ሳሎኑንና ጓዳውን የሚለየው ቺፑድ ብቻ ስለሆነ ቃሉ አንድም ሳይጎድል አለፈ፤ ዳሲቱም ግማሽ የተላጠ ድንች በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሞቷል የተባለው ሰው አይደለም፤ ከቤቱ ጀርባ ያለው የውሃ ጉድጓድ ነው። ቢሆንም እንዲህ ያለ ቃል ከእሷ አፍ ወጥቶ አያውቅም። አጠገቧ ሽንኩርት የምትከትፈው እናቷ ዲንቄም ሰምታለች፤ ቢላዋዋ አንዴ ቆም አለና እንደገና ቀጠለ፤ ቀና ብላ ልጇን አላየቻትም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የዚያን እሁድ ረፋድ ግን ዝምታው ራሱ ነቀዝ ሆኖ ዳሲቱን ይቦረቡራት ጀመር። እናቷ «ብለሻል እንዴ?» ብላ ብትቆጣት እንኳ ይቀላት ነበር። አልጠየቀቻትም።

«እማዬ፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም» አለች በሹክሹክታ።

«እሺ» አለች ዲንቄ። እሺ ማለት አምኜሻለሁ ማለት እንዳልሆነ በዚያ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ሥዕል ነው። ዳሲቱ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ የማስተርስ ጥናቷን እየሠራች ነው፤ ከገና በፊት ጀምሮ ጣት የሚያህል የብረት መለኪያ ከኮምፒውተር በሚገናኝ ረጅም ገመድ አስራ እዚሁ ግቢያቸው ጉድጓድ ውስጥ አንጠልጥላለች። መለኪያው ቀንና ሌሊት ውሃው ምን ያህል ከፍ ዝቅ እንዳለ ይመዘግባል። ቁጥሩን በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ በጻፈችው ፕሮግራም ወደ ግራፍ ስትለውጠው ግን የወጣላት ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ቀጥ ያለ መስመር ነበር። በቀደም ጋሽ ኦላና «ያ ሽቦሽ ምን አለ?» ሲሏት ሥዕሉን ስልኳ ላይ አሳየቻቸው። ትክ ብለው አዩትና «ሆስፒታል አይቼዋለሁ፤ ሰው ሲያልቅለት መሣሪያው እንዲህ ነው የሚያሰምረው» አሉ። እሷም ቀልድ መስሏት ሳቀች። ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት ደግሞ ድንጋይ ገመድ ላይ አስረው ወደ ጉድጓዱ ቢለቁት ጭቃ ለብሶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለእሳቸው ያለቀ ጉዳይ ነው። ዛሬ ከምሳ በኋላ አንድ ገልባጭ መኪና ሙሉ ገረጋንቲ ይመጣል፤ ጉድጓዱ ይደፈናል፤ በላዩ ላይ ከፋሲካ በኋላ ለሚያገባው ልጃቸው ለዮሚፍ ሰርቪስ ቤት ይሠራል።

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ቦታው የሁለቱ ወንድማማቾች ነው፤ ዮሚፍም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አንዲት ስቱዲዮ ለመከራየት ጠይቆ የተነገረው ዋጋ ከደሞዙ በላይ ሆኖበታል። ክፋቱ ዲንቄን ማንም አለመጠየቁ ነው። ባሏ ጀቤሳ ያንን ጉድጓድ በገዛ እጁ ሲቆፍር፣ አፈሩን በባልዲ እየሳበች ያወጣችው እሷ ነች፤ መዳፏ ላይ የገመዱ ጠባሳ ዛሬም አለ። እርሻው ፋብሪካና መንገድ ከሆነ በኋላ፣ ጀቤሳም ከሞተ በኋላ፣ ከዚያ ዘመን በቦታው የቀረላት ይኸው ጉድጓድ ነው። ቧንቧ በጠፋ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ይመጣል። ጀቤሳ ለዚህ ጉድጓድ የተወለት አንድ ሕግ ደግሞ አለ፤ እሁድ ክዳኑ አይነሳም። «ለበሬ ሰንበት ካለው ለውሃም አለው» ይል ነበር። እሷም ቅዳሜ ማታ የሚበቃትን ቀድታ ትዘጋለች፤ እሁድ እንኳን ልትቀዳ ክዳኑን በነጠላዋ ጫፍ አትነካውም። «የሰኞ ውሃ ይበረክታል» ማለት ትወዳለች። ይህን ከቁም ነገር የቆጠረላት የለም፤ ዳሲቱም ብትሆን።

ዳሲቱ እጇን ታጥባ መኝታ ክፍሏ ገባች። ላፕቶፗ አሮጌ ነው፤ ባትሪው ስለደከመ ከሶኬት ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። እስከ ዛሬ ፕሮግራሙን የምታስኬደው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባለ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ከሩቅ እየገባች ነበር፤ እሱ ሥዕሉን ፋይል አድርጎ ይሰጣታል፣ እሷም ያንኑ የተጋደመ መስመር አይታ «መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል» ብላ ትዘጋዋለች። ዛሬ ግን የደረቀ ሥዕል አይበቃትም። መስመሩን በእጇ ይዛ፣ አስጠግታና አርቃ፣ ከየአቅጣጫው ልታየው ይገባል። ፕሮግራሙን እዚያው አልጋዋ ላይ ባስቀመጠችው ላፕቶፕ አስነሳችና የመጨረሻውን ትእዛዝ፣ «አሳይ» የሚለውን፣ ሰጠችው።

ምንም። መስኮት አልተከፈተም፣ ስህተት ተገኘ አልተባለም፤ ጠቋሚዋ ብቻ ተመልሳ ብልጭ ድርግም ትላለች። ደገመችው። ዝም። የሚሳደብ ማሽን ይሻላል፤ ይሄኛው ዝምታውን ከዚያ ቤት ሰዎች የተማረ ነበር የሚመስለው። ወደ ላይ ተመልሳ ስታነብ ችላ ብላ ያለፈቻት አንዲት የማስጠንቀቂያ መስመር አገኘች፤ ይህ መሣያ ፋይል ላይ ብቻ ነው የሚስለው፣ መስኮት መክፈት አይችልም ትላለች። ያኔ ትዝ አላት። የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ስክሪን ስለሌለው፣ በፕሮግራሙ አናት ላይ «ስክሪን የለህም፣ ፋይል ላይ ብቻ ሳል» የምትል መስመር የጻፈችው ራሷ ነች። ፕሮግራሙ ምስኪን እስከ ዛሬ የታዘዘውን ሲፈጽም ኖሯል። መስመሯን አጠፋችና እንደገና አስነሳችው። አሁን ቀይ ጽሑፍ ዘረገፈላት፤ መስኮት የሚከፍተው ክፍል እዚህ ላፕቶፕ ላይ አልተጫነም። ዳሲቱ ደስ አላት። ስድብም ቢሆን መልስ ነው።

የጎደለው ነገር ከኢንተርኔት የሚወርድ ትንሽ ነገር ነበር። በዚያ ክፍል ግን ኔትወርክ የሚገኘው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ብቻ ነው። ስልኳን እዚያ አስቀምጣ፣ ዳታውን ለላፕቶፑ አጋርታ ትጠብቅ ጀመር። ሳሎን ምሳ ቀርቧል። ነቢዩ የሲሚንቶ ዋጋ ካለፈው ወር ወዲህ እንዴት እንደጨመረ፣ ቆርቆሮውም እንደሚከተለው ያወራል፤ ጋሽ ኦላና «እንግዲህ ሳይብስ መጀመር ነው» ይላሉ። የእናቷ ድምፅ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚሰማው፤ «ጨመር አድርጉ እንጂ፣ አልበላችሁም እኮ» ትላለች፤ ጉድጓዷን ሊደፍኑባት ለመጡ ሰዎች። ዳሲቱ ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። ማውረዱ ግማሽ ላይ ተቋረጠ። እንደገና አስጀመረችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያለች ራሷን ትመክራለች፤ እግሯ ግን ምክር አይሰማም፣ ወለሉን ይደበድባል። በመጨረሻ ወርዶ ተጫነ። ፕሮግራሙን አስነሳችው፤ መስኮቱም ተከፈተ።

ግራጫ ክፈፍ ያለው ነጭ ገበታ ነው፤ ከሥሩ ትንንሽ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ ቤት፣ ቀስት፣ አጉሊ መነጽር። መሃሉ ላይ ያው መስመር ተጋድሟል። ከመስመሩ ላይ ግን እዚህም እዚያም መርፌ የመሰሉ ነገሮች ወደ ላይ ተተክለዋል፤ በስልኳ ሥዕል ላይ እድፍ መስለው አልፈዋት ነበር። ጠቋሚዋን አንዱ መርፌ ላይ ስታደርገው በመስኮቱ ጥግ ቀኑና ሰዓቱ ተጻፈ፤ ቅዳሜ ከሰዓት። ወደ ሌላው ሄደች፤ እሱም ቅዳሜ ከሰዓት። ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ዳሲቱ ቀን እየመረጠ የሚበላሽ መለኪያ ሰምታ ስለማታውቅ እናቷን ጠራቻት።

«እማዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉድጓዱ ጋ ምን ይደረጋል?»

ዲንቄ እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች። ሰርቆ የተያዘ ሰው መሰለች። «ያንን ብረትሽን አወጣዋለሁ» አለች። «በሳሙና አጥቤ ግንቡ ላይ ፀሐይ አስመታውና ማታ ውሃ ስቀዳ እመልሰዋለሁ። ሰው የሚጠጣው ውሃ ውስጥ እኮ ነው ያለው፤ እንዴት ሳይታጠብ ይከርማል?»

ዳሲቱ ሳቋ አመለጣት። አስተማሪዎቿ ስለ መለኪያ ስህተት ብዙ ነግረዋታል፤ በሳሙና ስለሚታጠብ መለኪያ ግን ማንም አላነሳም። ብረቱ ግንቡ ላይ ፀሐይ ሲመታው የማይሆን ግዙፍ ቁጥር ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ እነዚያን ጥቂት ግዙፎች ገበታው ላይ ለማስገባት ሲል ሌላውን ሁሉ ጨፍልቆ አንድ መስመር አድርጎታል። ጠብደል ሰው ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ ሌላው ተሳፋሪ እንደሚጣበቀው ማለት ነው። አጉሊ መነጽሩን ተጫነች። ከመርፌዎቹ በታች፣ በተጋደመው መስመር ወገብ ዙሪያ፣ ሳጥን እንደምታሰምር ጠቋሚዋን ጎተተችና ለቀቀችው።

መስመሩ ተነሳ። ሞተ የተባለው ከዳር እስከ ዳር ማዕበል ሆነ። ቀን ይወርዳል፣ ሌሊት ያገግማል፣ እንደገና ይወርዳል፣ እንደገና ይነሳል። ዳሲቱ ስለዚህ ነገር በመጽሐፍ አንብባለች፣ ተፈትናበት አልፋለች፤ ያኔ የተፈተነችበት ውሃ ግን የአባቷ ውሃ አልነበረም። ከዚህ ከአልጋዋ በታች፣ ከሲሚንቶው፣ ከመረሬው አፈር፣ ከድንጋዩም በታች፣ እነሱ ሲበሉና ሲተኙ፣ ሲኳረፉም ጭምር፣ ይህ ሁሉ ማንም ሳያየው ሲሆን ኖሯል። ዲንቄ አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ቤተ ክርስቲያን ስትገባ እንደምታደርገው ነጠላዋን አስተካከለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጉድጓዱ ነው፣ እማዬ።»

«ሊጥ ነው የሚመስለው» አለች ዲንቄ ዓይኗን ሳትነቅል። «ኩፍ ይላል፣ ደግሞ ይቀመጣል።»

ከማዕበሎቹ መካከል አንዳንዱ ከሌሎቹ ገዝፎ እንደ ኮረብታ አብጧል። ዳሲቱ ጠቋሚዋን ወደ አንዱ ወሰደች። እሁድ። ወደሚቀጥለው አለፈች፤ እሁድ። አንዱ ግን ረቡዕ ሆነባትና ግራ ገባት፤ ጃንዋሪ ሰባት ይላል። ሌላው ደግሞ ሁለት ኮረብታ አንድ ላይ የተጣበቀ ነው፤ እሁድና ሰኞ። ዲንቄ የፈረንጁን ቀን በጣቷ እየቆጠረች ወደ እኛው መለሰችው፤ ቆጥራ ስትጨርስም እጇ ባለበት ቀረ።

«ገና እኮ ነው! ያኛው ደግሞ ጥምቀት፤ ዘንድሮ ሰኞ ዋለ አይደል?» ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። «ዳሲዬ፣ ውሃ በዓል ያውቃል እንዴ?»

ዳሲቱ ወጥታ ጋሽ ኦላናን ጠራቻቸው።

ጋሽ ኦላና መጀመሪያ በሩን ደገፍ ብለው ነው ያዩት። «ያን ጊዜ ያሳየሽኝ ሌላ፣ ዛሬ ሌላ። ይሄ ዕቃ የፈለግሽውን ይስልልሻል ማለት ነው» አሉ። እውነት አላቸው፤ የተጋደመውንም ሥዕል ያሳየቻቸው እሷው ነች። ስለዚህ አልተከራከረችም፤ ወንበር አቀረበችላቸውና ማውዙን ሰጠቻቸው። «እርስዎ ራስዎ ይዩት፣ ጋሼ። የፈለጉት ቦታ ላይ ሲያደርጉት ቀኑን ከታች ይነግርዎታል።» ሽማግሌው ማውዙን ጫጩት እንደሚይዝ ሰው በስሱ ያዙት። ሳያስቡት የቤት ምልክቷን ሲነኩ መስመሩ ተመልሶ ተጋደመ፤ አንድ ነገር የሰበሩ መስሏቸው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ዳሲቱ መልሳ አስነሳችላቸው። ከዚያ አንድ ተራ የሥራ ቀን መርጣ እያጎላች አስጠጋችላቸው። መስመሩ ጠዋት መውረድ ይጀምራል፤ እኩለ ቀን ላይ ጥቂት ቆም ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይወርድና አመሻሽ ላይ ያበቃል። ጋሽ ኦላና ያችን የእኩለ ቀን ማረፊያ በጣታቸው ነኳት። ዕድሜያቸውን የፈጁት ከአጥሩ ወዲያ ባለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ነው።

«ይቺ ምሳ ሰዓት ነች» አሉ። «ምሳ ስንወጣ የፋብሪካውን የውሃ ፓምፕ ያጠፉታል።»

ቀና ብለው በመስኮቱ ወደ አጥሩ አዩ። ከወዲያ ማዶ ድምፅ የለም። በሥራ ቀን የፋብሪካው ጉርምርምታ ከመለመዱ ብዛት ለማንም አይሰማም ነበር፤ አሁን አለመኖሩ ለሦስቱም ተሰማቸው። የፋብሪካው ጥልቅ ጉድጓድና የጀቤሳ ጉድጓድ ከድንጋዩ ሥር የሚጋሩት አንድ ውሃ ነው። ፋብሪካው ሲሠራ የእነሱ ይጎድላል፣ ፋብሪካው ሲያርፍ ይሞላል። የሚሞላበት ቀን ደግሞ፣ በጀቤሳ ሕግ፣ ክዳኑን የሚያነሳ የሌለበት ቀን ነው። ይህን ለመረዳት ሦስቱንም ጊዜ ወሰደባቸው። ገና እየተረዱት ሳለ የገልባጩ መኪና ጡሩምባ በር ላይ ጮኸ።

ጋሽ ኦላና ብድግ አሉ። «እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ጠዋቱ አልነበረም። «ሥዕል ሥዕል ነው። ክዳኑን እናንሳና በዓይናችን እንየው።» ሁለቱም ወደ ዲንቄ ዞሩ። እሁድ ነው። ብትከለክላቸው ገረጋንቲው ይገለበጣል፤ ብትፈቅድላቸው የሟቹን ቃል ታፈርሳለች። ዲንቄ የመዳፏን ጠባሳ በአውራ ጣቷ እያሸች ቆየች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በገዛ ቤቷ፣ በእንግዶቹ ፊት፣ «ብሉ» ከማለት በቀር የተናገረችው አልነበረም።

«ልጄ አላልኩም ካለች አላለችም» አለች፤ ጠዋት ልትለው ይገባት የነበረውን። ዳሲቱ ይህን ስትሰማ ጉድጓዱን እንኳ ለአፍታ ረሳችው። «ክፈቱት። ለጀቤሳ እኔ እነግረዋለሁ።»

ዳሲቱ ትንሿን ጠረጴዛ ወደ ግቢ አወጣች፤ ኤክስቴንሽኑን ከሳሎን ጎተተች፤ የመለኪያውን ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘችና ፕሮግራሙ የአሁኑን፣ የዚያችን ቅጽበት ውሃ እያነበበ እንዲስል አዘዘችው። መስኮቱ ተከፈተና ነጭ ሆኖ ቀረ። ነቢዩ ጉሮሮውን ጠረገ። ሾፌሩ በሩ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። የዳሲቱ ጆሮ ጋለ፤ ጠዋት ሐሰት የተነገረባት ሳያንስ አሁን ደግሞ በሰው ፊት ልትዋረድ ነው። ቁጥሮቹ እየመጡ ነው፣ ሥዕሉ ግን የለም። የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ገባት፤ ያለ ፋታ አንብብ፣ አንብብ ብላ ስላዘዘችው መስኮቱ ራሱን የሚስልበት ጊዜ አላገኘም። በየንባቡ መሃል ጥቂት ቆም እንዲል አንዲት መስመር ጨመረችበት።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ ጋሽ ኦላና።

«እረፍት አልሰጠሁትም ነበር፣ ጋሼ።»

መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ እየተሳበ መጣ። ነቢዩና ጋሽ ኦላና ክዳኑን በሁለት በኩል ይዘው አነሱትና ጎንበስ አሉ። ረቡዕ ጭቃ ብቻ በነበረበት ሥፍራ ውሃ ሰማዩን ይዞ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል፤ የራሳቸው ጭንቅላት ከታች ሆኖ ቀና ብሎ ያያቸዋል። ነቢዩ «ኧረ በስመ አብ» አለ። ጋሽ ኦላና ባልዲውን ራሳቸው ለቀቁት። ሞልቶ ሲስቡት ዳሲቱ «እዩት! እዩት!» ብላ ጮኸች። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ዝቅ ብሏል፤ አንድ ባልዲ የምታህል ትንሽ መውረድ። ከዚያ ማንም ሳይነካው መመለስ ጀመረ። ከድንጋዩ ሥር፣ ማንም ካላየው ቦታ፣ የተወሰደበትን ጠብ ጠብ እያደረገ እየተካ፣ ቀስ እያለ ወደ ነበረበት ወጣ። ሾፌሩ ነገሩ ምን እንደሆነ ሊያይ ሞተሩን አጥፍቶ ገብቶ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቀው ኮፍያውን አወለቀ። ጋሽ ኦላና ባልዲውን እንዳንጠለጠሉ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ጉድጓዱን ያያሉ።

«አይ ጀቤሳ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሩ። «ገረጋንቲውን ከበር ውጭ፣ የመንገዱ ጭቃ ላይ ገልብጠው። የልጄን ቤት ወደ አጥሩ እናስጠጋዋለን።»

ዲንቄ ወደ ባልዲው ቀረበች። ሁሉም ልትቀምሰው ነው ብለው ጠበቁ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ አየችውና ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

«መልሱለት፣ ጋሽ ኦላና» አለች። «ሰንበቱ ነው።»

ጋሽ ኦላና «እንዴት ማለት?» አላሉም። የእሁድ ሱሪያቸውን አፈር ይነካዋል ሳይሉ ተንበረከኩ፤ ባልዲውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጠብታ ወደ ውጭ እንዳይፈስ እየተጠነቀቁ፣ ውሃውን ወደ ቤቱ መለሱት። ዳሲቱ ከጠረጴዛዋ ሆና ታያለች። መስመሩ ያችን አንዲት ባልዲ ተቀብሎ ከፍ አለ።